ኮንሶል ሞዲንግን ጀምሮ ላለመተው፦ አብሮ የሚሠራ ሰው ማግኛና ፍላጎት ማቆያ መመሪያ

ኮንሶል ሞዲንግ ማለት ጌም ቦይን የመሰለ የቪዲዮ ጨዋታ ማሽን ከፍቶ መጠገን፣ መቀየርና ማሻሻል ነው። ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ ይህ ነው፦ «አሮጌ ጌም ቦይ ገዛሁ፣ ፈታሁት፣ መሐል ላይ ተውኩት። አሁን ቦርዱም ብሎኖቹም ፌስታል ውስጥ ናቸው። የሚያግዘኝ ሰው ከየት ላምጣ? ፍላጎቴስ እንዴት ይመለስ?»

ሁለቱ ጥያቄዎች የሚፈቱት አብረው ነው። ሰው በደስታ የሚያግዘው የተጨበጠ ሥራ ይዞ የመጣን፣ የት እንደደረሰና ምን እንደለካ መናገር የሚችልን ሰው ነው። ፍላጎትም የሚቆየው ያለቀ ሥራ እጅ ሲገባ ነው። ስለዚህ መመሪያው ከሥራ ጠረጴዛው ተነሥቶ ወደ ሰዎቹ ይሄዳል። ከ1 እስከ 6 ያሉትን ደረጃዎች ዘልላችሁ 7 ላይ ብትጀምሩ ሰው ታገኛላችሁ፤ ምን እንደምትጠይቁት ግን አታውቁም።

ለምሳሌ የያዝነው በ2001 የወጣውን ጌም ቦይ አድቫንስን ነው። የሚሠራው በሁለት ኤኤ ባትሪ፣ ማለትም በ3 ቮልት አካባቢ ስለሆነ ኤሌክትሪክ አይይዛችሁም፤ ውስጡ አንድ ዋና ቦርድ ብቻ ነው፤ አዲስ ቀፎ፣ ቁልፍና ስክሪንም እስካሁን ይመረትለታል። ሌላ ኮንሶል ከመረጣችሁም የሥራው አካሄድ ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ኮንሶል። አንድ ብቻ።
- ባለ ሦስት ክንፍ ካቻቪቴና ትንሽ ባለ መስቀል ካቻቪቴ። የጌም ቦይ አድቫንስ ቀፎ ከውጭ በስድስት ባለ ሦስት ክንፍ ብሎን፣ በባትሪ ቤቱ ውስጥ ደግሞ በአንድ ባለ መስቀል ብሎን ይያያዛል። ጫፉ ለስላሳ የሆነ ርካሽ ካቻቪቴ የብሎኑን ራስ ይበላዋል፤ ያኔ ሥራው ሳይጀመር ያበቃል።
- መልቲሜትር፦ ዲሲ ቮልት የሚለካና መስመር ሲገናኝ ድምፅ የሚያሰማ።
- ሙቀቱ የሚስተካከል የመበየጃ ካውያ፤ 60 ዋት ይበቃል።
- ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሊድ (የመበየጃ ሽቦ)። 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ ያለበት ለጀማሪ ይቀላል፤ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝም ወዲያው ይጠጥራል።
- ፍላክስ (ሊዱ እንዲፈስና እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት)፣ እንዲሁም ሊድ የሚመጥ የመዳብ ሽሩባ።
- 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ የጆሮ ጥጥ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ።
- ወረንጦ፣ ኤ4 ወረቀት፣ ተለጣፊ ፕላስተር።
- ደብተር፣ እስክሪብቶና ፎቶ የሚያነሣ ስልክ።
- የሞተ ቦርድ፤ ከማንኛውም የተጣለ ዕቃ የወጣ ይሆናል። ብየዳ የሚለመደው በዚህ ላይ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ

ከግድግዳ ሶኬት የሚመጣውን ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል ውስጣቸው ያለ ኮንሶሎች አሉ፤ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን፣ ድሪምካስትና የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ከእነዚህ ናቸው። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ክፍሎች) ሰው የሚጎዳ ቮልት ይዘው ይቆያሉ። የመጀመሪያ ሥራችሁ ከእነዚህ አንዱ አይሁን። የድሮ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ደግሞ ጭራሽ አትክፈቱ።

ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ካያችሁ ሥራውን አቁሙ፤ በብረት አትፈልቅቁት፣ አትብሱት። በካርትሪጅ (ጨዋታው ያለበት፣ ኮንሶሉ ላይ የሚሰካ ዕቃ) ውስጥ ያለውን ሳንቲም መሳይ ባትሪ በካውያ በቀጥታ አትንኩ፤ ሊፈነዳ ይችላል። መተኪያውን የመበየጃ ምላስ የተያያዘበትን ግዙ። ባትሪው ሲወጣ በካርትሪጁ ውስጥ የተቀመጠው የጨዋታ መዝገብ እንደሚጠፋም አስቀድማችሁ እወቁ።

የፍላክስ ጭስ ሳንባ ያስቆጣል፤ መስኮት ክፈቱ፣ ጭሱን ከፊታችሁ የሚወስድ ማራገቢያ አድርጉ። እርሳስ ያለበት ሊድ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን ሳትታጠቡ አትብሉ።

በብዙ አገሮች የኮንሶልን የቅጂ መከላከያ መስበር በሕግ ይከለከላል፤ የተነካካ ኮንሶል ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝም ለዘለቄታው ሊታገድ ይችላል። የተሰረቀ ጨዋታ የት እንደሚገኝ መጠየቅ ከአብዛኞቹ የሞዲንግ ሰዎች ስብስቦች ያስባርራል። ስብስቡ በሕግ እንዳይጠየቅና እንዳይዘጋ የሚጠነቀቁበት ነገር ነውና ቅር አይበላችሁ።

ደረጃ 1፦ የቱ ወገን እንደሚስባችሁ ለዩ

«ሞዲንግ» በሚለው አንድ ስም ሥር የሚኖሩት ሰዎች የተለያዩ ናቸው። የተበላሸን የሚያድኑ አሉ። ቀፎ፣ ቁልፍና ቀለም የሚቀይሩ አሉ። ስክሪን፣ ድምፅና ባትሪ የሚያሻሽሉ አሉ፤ የድሮ ኮንሶልን ምስል በዛሬ ቴሌቪዥን አጥርቶ ለማሳየት የሚደክሙም አሉ። ለአሮጌ ኮንሶል አዲስ ጨዋታ የሚጽፉ፣ እንዲሁም እንደ ኪካድ ባለ ሶፍትዌር ቦርድ ነድፈው ንድፉን በነፃ የሚለቁ አሉ።

በደብተራችሁ ላይ መሥራት የምትፈልጓቸውን ሦስት ነገሮች ጻፉና የቱ ወገን ውስጥ እንደሚወድቁ ተመልከቱ። ይህ የሚጠቅመው ጥያቄያችሁ ትክክለኛው ሰው ጋ እንዲደርስ ነው። የካፓሲተር ጥያቄ ቀፎ ለሚቀቡ ሰዎች ቢቀርብ ዝም ይባላል፤ አዲስ ገቢው ግን ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጥሮ ይሄዳል። ብዙ ሰው የምናጣው እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያውን ሥራ አሳንሱ

ጥሩ የመጀመሪያ ሥራ ማብቂያው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገለጻል፦ «ቀፎው ተቀይሮ ሁሉም ቁልፍ ሲሠራ አልቋል።» የእጅ ሥራው ከሦስት ሰዓት አይበልጥም፣ ብዙ ሰው ሠርቶታል፣ ቢበላሽም ልብ አይሰብርም። የምንመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦

ሀ. ብየዳ የሌለው ሥራ። ማጽዳት፣ ቀፎ፣ ቁልፍና የቁልፍ ጎማ መቀየር።

ለ. ሁለት ቦታ ብቻ የሚበየድ ሥራ። ድምፅ ማጉያ መቀየር ወይም የካርትሪጅ ባትሪ መተካት። ካውያውን ከ320 እስከ 350 ዲግሪ አድርጉ፤ ጫፉን ምላሱና ቦርዱ ላይ በአንድ ጊዜ አሳርፉ፣ ሊዱን መጋጠሚያው ላይ ስጡ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሰከንድ ይበቃል። ሊዱ ከካውያው ጫፍ ላይ ቀልጦ ቢንጠባጠብ ቦርዱ ስላልሞቀ አይይዝም።

ሐ. አይፒኤስ ስክሪን (የራሱ ብርሃን ያለው ዘመናዊ ስክሪን)። ብዙዎቹ ኪቶች (ስክሪኑና መግጠሚያዎቹ አብረው የሚሸጡባቸው ጥቅሎች) ያለ ብየዳ ይሠራሉ፤ ብርሃኑን በቁልፍ ለመቆጣጠር ግን ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች ይበየዳሉ። በዋናው ቀፎ ውስጥ ለመግጠም ፕላስቲክ መከርከም ያስፈልጋል፤ ለጀማሪ አስቀድሞ የተከረከመ ቀፎ ይሻላል።

መ. ካፓሲተር ሙሉ በሙሉ መቀየር። ለምሳሌ በ1990 የወጣው ጌም ጊር በእርጅና ካፓሲተሮቹ ያፈሳሉ፣ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ድምፁ ይጠፋል። ዋናው፣ የኃይሉና የድምፁ ቦርድ ሦስቱም ስለሚነኩ ከብዙ ሰዓት ልምምድ በኋላ የሚደረስበት ነው።

ብዙ ጀማሪ ከ«መ» ይጀምራል፤ ጌም ጊር «አይሠራም» ተብሎ በርካሽ ስለሚሸጥ። የቦርዱ መስመር በሙቀት ሲላቀቅ ጥፋቱ የእጁ ይመስለዋል፤ ችግሩ ግን የሥራው ምርጫ ነበር።

ደረጃ 3፦ ዕቃው ሳይሟላ አትፍቱ

የተፈታ ኮንሶል መለዋወጫ ሲጠብቅ ብሎን ይጠፋል፣ የገጣጠሙ ቅደም ተከተል ይረሳል፤ ዕቃው ሲመጣ ሥራው እንደ አዲስ ይከብዳል። መለዋወጫው ሁሉ ጠረጴዛ ላይ እስኪሆን ድረስ ቀፎው ተዘግቶ ይቆይ።

ከመፍታታችሁ በፊት አብሩት። እያንዳንዱን ቁልፍ፣ የድምፅ መቆጣጠሪያውን፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውን ሞክሩ፤ ውጤቱን ጻፉ። ይህን ያላደረገ ሰው በኋላ የ«አር» ቁልፍ ሲሞት እሱ ያበላሸው ይሁን ወይም ከጥንቱ የሞተ ይሁን አያውቅም፤ የሚጠይቀው ሰውም ሊረዳው አይችልም።

አንድ ነገር በተለይ ልብ በሉ፦ የጌም ቦይ አድቫንስ ቦርዶች የስክሪን ማገናኛቸው ባለ 32 ፒን ወይም ባለ 40 ፒን (የመገናኛ እግር) ነው። ጥሩ ኪት ለሁለቱም የሚሆን ሪባን (ስክሪኑን ከቦርዱ የሚያገናኝ ጠፍጣፋ ገመድ) ይዞ ይመጣል። የቱ እንዳላችሁ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሲከፈት ስለሆነ ሁለቱንም የያዘውን ግዙ።

ደረጃ 4፦ ሥራውን በክፍለ ጊዜ ከፋፍሉ

አንድ ክፍለ ጊዜ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይሁን። ከዚያ በላይ ዓይን ይደክማል፣ ጣት ይንቀጠቀጣል፣ የሪባን መቆለፊያም የሚሰበረው ያኔ ነው። እያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ ሊሞከር በሚችል ነገር ጨርሱ፦ «ቦርዱ ጸዳ፣ በአሮጌው ስክሪን በርቷል።»

ኤ4 ወረቀት ላይ የኮንሶሉን ጀርባ ሳሉ፤ እያንዳንዱን ብሎን ከወጣበት ቦታ ላይ በፕላስተር ለጥፉ። ርዝመታቸው የተለያየ ብሎኖች ቢቀያየሩ ረጅሙ ፕላስቲኩን በስቶ ይወጣል።

ከመነሣታችሁ በፊት አንድ መስመር ጻፉ፦ ቀጣዩ የእጅ እንቅስቃሴ ምንድን ነው? «ስክሪኑን መጨረስ» አይባልም። «የግራውን ጥግ ፕላስቲክ ከርክሞ ስክሪኑ መቀመጡን ማየት» ይባላል። ከሳምንት በኋላ ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጣችሁ ይህ መስመር ነው፤ ሰው ሥራውን የሚተወው ከየት እንደሚቀጥል ማሰብ ራሱ አድካሚ ሲሆንበት ነው።

የሆነ ነገር ከተሰበረ ወይም ከተቃጠለ፣ ፎቶ አንሡና እስከ ነገ አቁሙ። በንዴት የተሞከረ ጥገና አንዱን ጥፋት ሦስት ያደርገዋል።

ደረጃ 5፦ የሥራ ማስታወሻ ያዙ

ለአንድ ኮንሶል አንድ ገጽ ይበቃል፦ የሞዴል ቁጥር፣ በቦርዱ ላይ የታተመው ጽሑፍ፣ የመጀመሪያው ሁኔታ፣ የተለካ ቮልት፣ የተቀየረ ዕቃ፣ የቀረ ነገር። ማንኛውም ማገናኛ ከመነቀሉ በፊት ፎቶ ይነሣ።

ማስታወሻው ምን እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ እንይ። ኮንሶሉ እየበራ በየመሐሉ ይጠፋል። ኮንሶሉ በርቶ ባትሪው ጫፍ ላይ ስትለኩ 3.0 ቮልት፤ ከማብሪያው ማዶ ስትለኩ 2.3 ቮልት። 0.7 ቮልት ማብሪያው ላይ ቀረ ማለት ነው፤ ውስጡ ኦክሳይድ (ዝገት መሳይ ሽፋን) ይዟል። ባትሪ አውጡ፣ ማብሪያው ውስጥ ጥቂት አልኮል አስገቡ፣ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ወዲያ ወዲህ አድርጉት፣ እስኪደርቅ ጠብቁና እንደገና ለኩ። 2.9 ከሆነ ተፈትቷል። ሁለቱ ቁጥሮች ባይጻፉ ኖሮ «ባትሪ ነው»፣ «ስክሪን ነው» ሲባል አንድ ሳምንት ይሄዳል። ቁጥሩ ከ2.3 ወደ 2.9 ሲወጣ በዓይን ማየት ደግሞ የትኛውም ሙገሳ የማይሰጠውን ብርታት ይሰጣል።

ደረጃ 6፦ ጥያቄ ማቅረብን ልመዱ

የመመሪያው ዋና ክፍል ይህ ነው። የሚያውቁ ሰዎች ጊዜያቸው አጭር ነው፤ መልስ የሚሰጡት ሊመልሱት ለሚችሉት ጥያቄ ነው።

የማይመለስ ጥያቄ፦ «አዲስ ስክሪን ገጠምኩ፣ አይሠራም። እርዱኝ እባካችሁ!»

የሚመለስ ጥያቄ፦ «ጌም ቦይ አድቫንስ፣ ቦርዱ ባለ 40 ፒን። አይፒኤስ ስክሪን ገጥሜ ሳበራው የመክፈቻው ድምፅ ይሰማል፣ ምስል ግን የለም፤ ስክሪኑ ጨርሶ አይበራም። ባትሪው ጫፍ 3.0 ቮልት፣ ከማብሪያው ማዶ 2.9። ሪባኑን ሁለት ጊዜ አውጥቼ መልሻለሁ። አሮጌውን ስክሪን ስመልስ ምስል ይመጣል። የማገናኛውን ፎቶ ከላይና ከጎን አያይዣለሁ። ቀጥዬ የት ልለካ?»

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የሚዘጋው በር አለ። የመክፈቻው ድምፅ ከተሰማ ፕሮሰሰሩ እየሠራ ነው። 2.9 ቮልት ካለ ማብሪያው ንጹሕ ነው። አሮጌው ስክሪን ከበራ ቦርዱም ማገናኛውም ጤነኛ ናቸው። የቀረው ሪባኑ ወይም ኪቱ ብቻ ነው። መላሹ የጎኑን ፎቶ አይቶ «መቆለፊያው በስተቀኝ አልገባም» ወይም «ይህ የ32 ፒኑ ሪባን ነው» ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጥያቄውን በዚህ ዓይነት ስትጽፉት መልሱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄውን ለአንድ ሰው በግል አትላኩ፤ ሁሉም በሚያየው ቦታ አቅርቡት። በግል የተጠየቀ ሰው ካልመለሰ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ የተሳሳተ መልስ ቢሰጥም የሚያርመው የለም።

ደረጃ 7፦ ሰዎቹን ፈልጉ

በአካል ከሚገኙባቸው ቦታዎች፦

- የጥገና ካፌዎች። ጀማሪዋ ማርቲነ ፖስትማ ስትሆን የመጀመሪያው በ2009 በአምስተርዳም ተከፈተ፤ ዛሬ በብዙ አገሮች አሉ። ፈቃደኛ ጠጋኞች ከባለ ዕቃው ጋር ተቀምጠው ይሠራሉ። ኮንሶል ባያውቁም ቮልት መከታተልን ያውቃሉ።
- ሜከር ስፔሶችና ሃከር ስፔሶች። ማይክሮስኮፕ፣ ጥሩ ካውያና ባለ ሦስት ገጽታ (3ዲ) ማተሚያ በጋራ የሚገኝባቸው ናቸው።
- የአማተር ሬዲዮ ክበቦች። ብዙ ሰው አያስባቸውም፤ ብየዳን ከሥሩ የሚያስተምሩ ትዕግሥተኛ ሰዎች ያሉት ግን እዚያ ነው።
- የቴክኒክ ትምህርት ቤት የኤሌክትሮኒክስ ቤተ ሙከራዎችና የስልክ ጠጋኞች።
- የድሮ ጨዋታ ሰብሳቢዎች ስብሰባ። እዚያ ከጠጋኝ ይልቅ የሚጠገን ዕቃ ያለው ይበዛል፤ እሱም ያስፈልጋል።

ኢንተርኔት ላይ ያለ ስብስብ ከመግባታችሁ በፊት የቆዩ ጥያቄዎችን አንብቡ። ጥሩ ስብስብ በሦስት ነገር ይታወቃል፦ መላሾቹ መልሰው ልኬት ይጠይቃሉ፤ የከሸፈ ሥራ ፎቶ ሲለጠፍ ሰው አይሳለቅም፤ አደገኛ ምክር ሲሰጥ ወዲያው የሚያርም አለ። ሦስተኛው ከሌለ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ውጡ። ሁለት ስብስብ ይበቃል። አሥር ውስጥ የገባ ሰው የሌላውን ያለቀ ሥራ ሲመለከት ይውላል፣ የራሱ ጠረጴዛ አቧራ ይጠጣል።

በአካል ስትሄዱ ዕቃና ማስታወሻ ይዛችሁ ሂዱ። «ሞዲንግ እወዳለሁ» ብሎ ከመግባት ይልቅ የተከፈተ ኮንሶልና ሁለት ቮልት የተጻፈበት ገጽ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ወሬውን በራሱ ይጀምረዋል። ዓይን አፋር ለሆነ ሰው ደግሞ ትልቅ እፎይታ ነው።

ደረጃ 8፦ የጋራ የሥራ ቀን አዘጋጁ

ሁለት ሰው ካገኛችሁ ይበቃል፤ ከስድስት በላይ ግን አትሁኑ፣ የሚያግዝ ሰው አይዳረስም። ሁለት ሰዓት ተኩል መድቡና እንዲህ ከፋፍሉት፦

የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች፦ እያንዳንዱ ዕቃውን፣ ችግሩንና ዛሬ «አለቀ» የሚለው ምን እንደሆነ ይናገራል። ይህ የሚደረገው ባለሙያው ማንን አስቀድሞ እንደሚያይ እንዲያውቅ ነው።

ቀጣዮቹ 105 ደቂቃዎች፦ ሥራ። ለሁለት ሰው አንድ ካውያ፣ ለየሰው አንድ ትሪና የብሎን ወረቀት። መስኮት ክፍት ይሁን። የካውያ ገመድ ሰው በሚያልፍበት በኩል አይዘርጋ።

የመጨረሻዎቹ 30 ደቂቃዎች፦ መግጠምና መሞከር። በዚህ ሰዓት አዲስ ነገር መክፈት ክልክል ነው። ተፈትቶ በከረጢት ወደ ቤት የሄደ ኮንሶል ብዙውን ጊዜ ሳይገጠም ይቀራል።

ሁለት ስምምነት አስቀድማችሁ ተናገሩ። አንደኛ፣ ውሳኔው የባለ ዕቃው ነው፤ ቢበላሽ አጋዡ አይከፍልም። ሁለተኛ፣ አጋዥ ካውያ ከጀማሪ እጅ አይነጥቅም። በቃል ያሳያል፣ ካስፈለገም በሞተ ቦርድ ላይ ሠርቶ ያሳያል። ካውያው የተነጠቀበት ሰው የተጠገነ ዕቃ ይዞ ቢሄድም ሙያ ሳይዝ ስለሚሄድ በሚቀጥለው አይመጣም።

ስትለያዩ የሚቀጥለውን ቀን እዚያው ቁረጡ። «እንደዋወላለን» ከተባለ ነገሩ ተረሳ ማለት ነው።

ደረጃ 9፦ የተጠቀማችሁበትን መልሱ

መልስ ሲሰጣችሁ ከሞከራችሁት በኋላ ውጤቱን እዚያው ጻፉ፦ ምን እንደነበረ፣ ምን እንዳደረጋችሁ፣ ከዚያ በኋላ የተለካው። «አመሰግናለሁ፣ ሠራ» ብቻ ብላችሁ ካለፋችሁ ከዓመት በኋላ ተመሳሳይ ችግር ይዞ የሚመጣው ሰው የትኛው ምክር እንደሠራ አያውቅም።

ገና ባለሙያ ሳትሆኑም የምትሰጡት አላችሁ። በመጀመሪያ ስትሠሩ ግራ የገባችሁን ቦታ ፎቶ አንሥታችሁ አስረዱ፤ የለመደ ሰው ያ ቦታ እንደሚያስቸግር ረስቶታል። መመሪያ ወደ ቋንቋችሁ መልሱ። የቦርድ መለያ ቁጥርና የተለካ ቮልት መዝግባችሁ አካፍሉ። ንድፉ በነፃ የተለቀቀ ቦርድ ስትጠቀሙ የነዳፊውን ስም ጥቀሱ፤ ፈቃዱ ለንግድ አይሁን ካለ አትሽጡት። ነዳፊዎች ንድፋቸውን መልቀቅ የሚያቆሙት ያለ ፈቃድ ሲሸጥባቸው ነው።

ደረጃ 10፦ ያለቀውን ተጫወቱበት፣ ሲሰለች ሚና ቀይሩ

ሥራው ሲያልቅ ቢያንስ 30 ደቂቃ ተጫወቱበት። ቀፎው ሲጠብቅ ሪባኑን ከተጫነው ወይም ቁልፉ ከጠጠረ የሚታወቀው በእጅ ተይዞ ሲቆይ ነው። ደግሞስ የተሠራው ለዚሁ አይደል።

ጠረጴዛው ካስጠላችሁ ሥራውን ሳትተዉ ወገን ቀይሩ። ካውያ የሰለቸው ሰው ጂቢ ስቱዲዮ በተባለ ሶፍትዌር ብዙ ኮድ ሳይጽፍ ትንሽ የጌም ቦይ ጨዋታ ሠርቶ በጠገነው ኮንሶል ላይ ማየት ይችላል። ሌላው ኪካድ ይሞክራል፤ ሌላው ጀማሪ ያስተምራል። ለአንድ ወር ምንም ሳይነኩ ማስታወሻን ብቻ ማስተካከልም ሥራ ነው።

የተለመዱ ስህተቶች

- የተበላሹ አምስት ኮንሶሎች በአንዴ መግዛት። ካንዱ ወደ ሌላው ዕቃ ሲወሰድ መጨረሻ ላይ የሚሠራ አንድም አይተርፍም። አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈት።
- የሪባን መቆለፊያን ሳይከፍቱ መጎተት። ሁለቱን ጎኖች በጥፍር እኩል በትንሹ ወደ ውጭ ግፉ፤ ባንድ ወገን ብቻ ከተገፋ ይሰበራል።
- ሊድ እንቢ ሲል ሙቀቱን ወደ 450 መውሰድ። የጎደለው ፍላክስ ወይም የካውያው ጫፍ ንጽሕና ነው፤ ከመጠን ያለፈ ሙቀት የመዳቡን መስመር ከቦርዱ ይልጠዋል።
- ባትሪ ያፈሰሰበትን ቦታ በአልኮል ብቻ ማጽዳት። የተለመደው ባትሪ የሚያፈሰው አልካሊ ስለሆነ በመጀመሪያ በጆሮ ጥጥ ጥቂት ነጭ ኮምጣጤ፣ ቀጥሎ አልኮል፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ።
- የመጀመሪያ ሥራን በሌላው የዓመታት ሥራ መለካት። ማወዳደር ካማራችሁ የራሳችሁን የመጀመሪያ ብየዳ ፎቶ ከአምስተኛው ጎን አስቀምጡ።
- ሙያው ሲታወቅ የሁሉንም ሰው ኮንሶል በነፃ መቀበል። የራስ ሥራ ይቆማል፣ ያልተመለሰ ዕቃ ይከማቻል፣ ወዳጅነትም ይሻክራል። በአንድ ጊዜ የአንድ ሰው ዕቃ ብቻ ተቀበሉ፤ ባለቤቱም አጠገባችሁ ተቀምጦ ብሎኑን ራሱ ይፍታ።